ሣሩን አጽዳልኝ

ባለሣሯ የግቢውን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ በእጇ በያዘችው ትንሽ ፔርሙዝ ውስጥ በረዶው ይንኳኳ ነበር። ፔርሙዙ የያዘው ሻይ አይደለም፤ የአባቷን የዓይን ጠብታ ነው። ጠብታው ሙቀት አይወድም፤ የዚህ ወር ፀሐይ ደግሞ እንኳን መድኃኒት ሰውም ታቀልጣለች። ሁለት ፋርማሲ «አልቋል» ብሎ መልሷት፣ ሦስተኛው ጋ ረጅም ሰልፍ ቆማ ነው ያገኘችው። ስለዚህ ስትገባ ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋ ከበሩ እስከ ውሃው በርሜል ድረስ እንኳ አልቆየም።

ከበርሜሉ አጠገብ ባለው ሲሚንቶ ላይ ሣር ተደርድሯል። አሥራ ሁለት እግር፣ በአንድ መስመር፣ ሥሩ ወደ ላይ፣ ቅጠሉ ወደ ታች። አፈሩ ከሥሩ ላይ አንድ ሳይቀር ተራግፎ በመጥረጊያ ተጠርጓል። ሲሚንቶው በባዶ እግር የማይረገጥ ሆኖ ግሏል። በየእግሩ ወገብ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

አባቷ ከበርሜሉ ውሃ በጣሳ እየጨለፉ እጃቸውን ይታጠባሉ።

«መጣሽ?» አሉ ዞር ሳይሉ፣ የበሩን ሲጢጥታ ሰምተው። «ጨረስኩልሽ! አሥራ ሁለት እግር ሙጃ። ሥሩማ አይጣል ነው፤ ወገቤን ነው የበጠሰው። ግን አንዲትም አላመለጠችኝ።»

ባለሣሯ ፔርሙዙን እንደያዘች ሣሩ ላይ ጎንበስ አለች።

«ምነው ዝም አልሽ? ጠዋት ሣሩን አጽዳልኝ ብለሽኝ የለ?»

ብላለች። ልክ በእነዚህ ቃላት ነው ያለችው። አባቷ ሁልጊዜ ጠዋት ኮፍያቸውን ደፍተው በረንዳው ላይ ይቆሙና «ዛሬ ምን ልሥራልሽ?» ይላሉ። ሥራ ካልተሰጣቸው ቀኑን ሙሉ ከራሳቸው ጋር ተኳርፈው ነው የሚውሉት። ዛሬ ጠዋት እሷ ታክሲ እንዳያመልጣት እየሮጠች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያነገተች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የመለሰችላቸው፦ «የፊት ለፊቱን መደብ ሣሩን አጽዳልኝ አባዬ፤ እንግዳ ይመጣል!» ማለት የፈለገችው ሌላ ነበር። ደረቁን ቅጠል ከመሃል ከመሃሉ ልቀምልኝ፣ ጠጉሩን አበጥርልኝ፣ ሴትየዋ ስትመጣ አምሮ ይጠብቃት ማለቷ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሆቴል መስክ ሲያርም ለኖረ ሰው ግን «ሣሩን አጽዳ» አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ንቀል ማለት ነው።

ደግሞም እንዴት እንደሚነቀል ያውቁበታል። እሷን ራሷን ገና የወተት ጥርሷ ሳያልቅ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። «እጅሽን ከወጋሽ ሙጃ ነው፤ ንቀይው። ለስላሳ ከሆነ ሰርዶ ነው፤ ተይው» ይሏት ነበር፣ ከሆቴሉ መስክ ላይ ጎን ለጎን ተንበርክከው። «ነቅለሽ ዝም ብለሽ ከጣልሽው ማታ ጤዛ ይጠጣና ተመልሶ ይነሣል። አፈሩን አራግፊና ሥሩን ለፀሐይ ስጪው። ያኔ አለቀለት።» የሆቴሉ ሠራተኞች ምላጭ የሚል ስም ያወጡላቸው ያለ ነገር አይደለም። ምላጭ በነኩት መስክ ላይ አንድ ሻካራ ቅጠል አይገኝም ነበር።

ለባለሣሯ ግን እነዚህ አሥራ ሁለቱ ሙጃ አይደሉም።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ዝናቡ የጠፋ ጊዜ፣ የሰው ሁሉ ሰርዶ አሮ ግቢው አመድ ሲመስል፣ ከከተማው ዳር ባለው ድንጋያማ ኮረብታ ላይ በድንጋይ መሃል ቁጢጥ ብሎ የቀረ ሣር አየች። ማንም አላጠጣውም። ዘሩን በመሐረብ ቋጥራ አመጣች። ዘራችው። አብዛኛው ደረቷ ድረስ ረዝሞ ተጋደመና እውነትም ሙጃ መሰለ። ጥቂቶቹ ግን ከጉልበት በታች ቀርተው እንደ መከዳ ክብ ሆኑ። ረጃጅሞቹን እየጣለች፣ አጫጭሮቹን እያስቀረች፣ ከነዚያም ውስጥ በበጋ የማይደርቁትንና ከመሃል የማይራቆቱትን እየለየች በየዓመቱ አበጠረቻቸው። ሰባት ዓመት ፈጅቶ አሥራ ሁለት ቀሩ። ድንኬ ብላ ስም አወጣችላቸው።

ሰፈሩ ሲስቅባት ኖሯል። ሰው ሣር ከግቢው ያስወጣል፣ እሷ በጣሳ ታስገባለች። ባለሣሯ የሚለው ስምም የወጣላት ለቀልድ ነበር፤ ሲቆይ ግን መጠሪያዋ ሆነና እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። ከሁሉ የሚብሰው የባሏ ቀልድ ነው። ባሏ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፤ ቧንቧ ለደረቀበት ሰፈር ሁሉ ውሃ ያመላልሳል። «እኔ ውሃ እሸጣለሁ፣ እሷ ውሃ የማይጠጣ ሣር ታሳድጋለች። ይቺ ሴት ከእንጀራዬ ልታፈናቅለኝ ነው» ይላል፣ ሰው በተሰበሰበበት።

ድንኬን ከዘሩ ማብዛት አይቻልም። ከዘር የበቀለው ወደ አያቱ ይሄድና ይረዝማል። ድንክነቱ የሚተላለፈው እናቲቱን ከነሥሯ ከፋፍሎ በመትከል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ለአሥራ ሁለቱ ቀይ ክር ያሰረችላቸው። ባለፈው ክረምት ከጣሳ አውጥታ የፊት ለፊቱ መደብ ላይ ስትተክላቸውም አባቷን ይዛ ወስዳ፣ በጣቷ እያመለከተች አሳይታቸዋለች። «አየሁ፣ አየሁ» ብለው ነበር።

አሁን ሲሚንቶው ላይ ቆማ ነው ያላዩ መሆናቸው የገባት።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዳዋ፣ አርክቴክቷ፣ ትመጣለች። የምትሠራው አዲስ ጤና ጣቢያ አለ፤ ግቢው ጠጠር፣ ፀሐዩ እሳት፣ ውሃውም በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ። አርክቴክቷ ባለፈው በጋ መጥታ፣ ሁሉም ነገር በደረቀበት ሰሞን ከአንዷ ድንኬ ጣሳ አጠገብ ቁጢጥ ብላ «በቃ፣ የምፈልገው ይሄንን ነው» ብላ ነበር። ዛሬ እናቶቹን አይታ፣ ናሙና ይዛ ልትሄድ ነው። ክረምት ሲገባ ባለሣሯ አሥራ ሁለቱን ከፋፍላ ያንን ግቢ ሙሉ ልታለብሰው። ሰባት ዓመት የሳቁባት ሰዎች ልጆቻቸውን ሊያስከትቡ ሲሄዱ በድንኬዎቿ መሃል ሊያልፉ።

«ለእንግዳዋ የምታሳዪያት እነዚያን ድንኬ የምትያቸውን ነው አይደል?» አሉ አባቷ እጃቸውን እያራገፉ። «እነሱ ጣሳ ውስጥ ናቸው አይደል? መቼም እነሱን አልነካሁብሽም።»

ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ ቢጤ ብልጭ ብሎ ነበር። ባለሣሯ ያንን አየች፤ አንጀቷን በላው።

«አዎ» አለች። «ጣሳ ውስጥ ናቸው።»

«እንዲያው ጠርጠር ቢያደርገኝ ነው።»

«ግባ አባዬ፣ ፀሐይ ነው።»

ገቡ። ግድግዳውን በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ፣ ሦስት ደረጃዎቹን በከንፈራቸው እየቆጠሩ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲገቡና ሲወጡ አይታቸዋለች፤ እርጅና ነው ብላ ነበር። ከወር በፊት ሐኪሙ ለብቻዋ ጠርቶ የነገራትን እንኳ ሰምታ፣ «ትንሽ ትንሽ ግን ያያል» ብላ ራሷን ስታጽናና ከርማለች። የዓይን ግፊት ነው ብሏታል ሐኪሙ። ነርቩን ገድሎታል፤ የጠፋው አይመለስም። ለአባቷ የነገራቸው ግን «ጠብታውን አያቋርጡ» የሚለውን ብቻ ነው። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ «ዓይኔ ሲመለስ» እያሉ ሲያወሩ፣ እሷ አንድም ቀን አላረመቻቸውም።

በሩ ሲዘጋ ባለሣሯ ተንበረከከች። ሳፋ ሙሉ ውሃ ከበርሜሉ ቀዳች፣ እግሮቹን አንድ በአንድ አንስታ ነከረች፣ ማቅ አርጥባ አለበሰቻቸው፣ ሳፋውን እየጎተተች ጥላ አስያዘችው። ሥሩ በጣቷ መሃል እንደ ደረቅ ክር ይበጣጠሳል። ከመስመሩ ጫፍ የነበሩት ሦስቱ ብቻ በርሜሉ ጥላ ጥሎባቸው ኖሮ ወገባቸው ገና እርጥብ ነው። ዘጠኙ ግን ውሃ ውስጥም ሆነው ይንሳፈፋሉ። የተከመረ ጭድ ነው የሚመስሉት። ይህን የመሰለ ሣር ውሃ እንደማያድነው ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ሌላ የምታደርገው ስለሌላት ግን አሁንም አሁንም ማቁን እያራሰች ቆየች።

ከዚያ ባሏ ጋ ደወለች።

«ምን ሆንሽ? ድምፅሽ ምን ሆነ?» አለ ባለቦቴው።

«አባዬ ነቀላቸው።»

«እነማንን?»

«ድንኬዎቹን። አሥራ ሁለቱንም።»

ከወዲያ በኩል የቦቴው ሞተር ሲጠፋ ተሰማት። «ምን ማለት ነው? ክሩን አላዩትም እንዴ?»

«አላየውም።»

«ቀይ እኮ ነው!»

«አላየውም አልኩህ እኮ!»

ባለቦቴው ገባው።

«ቁርጡን ንገሪያቸው እንግዲህ» አለ በመጨረሻ። «እስከ መቼ ትደብቂያቸዋለሽ?»

«ምን ብዬ? ዓይንህ ጠፍቷል፣ የሰባት ዓመት ሥራዬንም አጠፋህብኝ ልበለው? በአንድ ቀን ሁለቱንም?»

«ሴትየዋስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች። ምን እንደማደርግ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ ምንም አላውቅም።»

«ልምጣ?»

«መጥተህ ምን ልትፈይድ? ያለህ ውሃ ነው።» ሳቅ ቢጤ ታገላት። «ልፋቴን ውሃ በላው ቢሆን አንተን እከስህ ነበር። ይሄኛውን የበላው ፀሐይ ነው።»

ባለቦቴውም ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «በይ አይዞሽ» ብሎ ዘጋ። አይዞሽ የሚባለው የሚባል ነገር ሲጠፋ ነው።

አርክቴክቷ ከዘጠኝ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በሩን አንኳኳች። ጫማዋ የሕንፃ ሥራ አቧራ ለብሷል፣ በአንድ እጇ ሜትር፣ በሌላው ባዶ ካርቶን ይዛለች። ካርቶኑ ለናሙናው ነው። ከገባች ጀምሮ ዓይኗ የሚፈልገው በስልክ የተነገራትን የፊት ለፊት መደብ ነበር፤ አገኘችውም። ጉድጓዶቹ ተደፍነው፣ አፈሩ በመሰቅሰቂያ ተስተካክሎ፣ ሊተኛበት የተዘጋጀ አልጋ ይመስል ነበር።

«የታሉ?» አለች።

ያኔ አባቷ በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። ለእንግዳ ብለው ንጹህ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ አንዱ ቁልፍ ያለ ቦታው ተቆልፏል።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። መደቡን አየሽው? እኔ ነኝ ያጸዳሁት። ድሮ ምላጭ ነበር የሚሉኝ።»

አርክቴክቷ መደቡን አየች። ከዚያ ከማቁ ሥር ወጥቶ በሳፋው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ቀይ ክር አየች። ከዚያ ሽማግሌውን አየች። እሳቸው ፈገግ ብለው የሚያናግሩት ከእሷ በስተግራ ያለውን የግድግዳ ጥግ ነበር።

«በጣም ንጹህ ነው አባባ» አለች ቀስ ብላ።

«አሳዪያት እንጂ አንቺ! ድንኬዎቹን አምጫቸው። ባዶ እጇን ቆማ ትቅር?»

ባለሣሯ እዚያው ቆማ፣ በእሳቸውና በሴትየዋ መሃል፣ አንዲት አረፍተ ነገር ብቻ መምረጥ ነበረባት። እውነቱን ብትናገር አርክቴክቷ ምናልባት ታዝንላት ይሆናል፣ ምናልባት ጊዜ ትሰጣት ይሆናል። እውነቱን ግን ንጹህ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ይሰማዋል።

«ዛሬ አይታዩም አባዬ» አለች። «ታመዋል። ሥራቸው ላይ በሽታ ነገር ገብቷል። ልሰጣት አልችልም።»

«ታመዋል? መቼ? እኔ ሳላውቅ?»

«ሰሞኑን ነው።»

አርክቴክቷን ክንዷን ይዛ ወደ በሩ ሸኘቻት። ውጭ ሲደርሱ አርክቴክቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንድ እንኳ?» አለቻት።

«ሦስት ምናልባት። ምናልባት ነው እሱም። ቢተርፉ እንኳ ለመከፈል ሁለት ዓመት ይፈልጋሉ።»

«ሰኞ ናሙና ካላቀረብኩ የግንባታው ኮሚቴ የተለመደውን ሰርዶ ያጸድቃል። ፎቶ ይዤ ብሄድ አይቀበሉኝም፤ ሞክሬዋለሁ። አንዴ ሰርዶ ከተነጠፈ ደግሞ…»

«አውቃለሁ።»

«ውሃውስ ከየት ይመጣል ስላቸው የሚሉኝን ታውቂያለሽ? በቦቴ።»

ባለሣሯ ሳቀች። እንባዋ በዚያው መጣና በእጇ ጀርባ ጠረገችው። አርክቴክቷ ባዶውን ካርቶን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፣ ትከሻዋን ነካ አድርጋት ሄደች። ባለሣሯ መንገዱ ላይ ቆማ ካርቶኑ እስኪርቅ ድረስ አየችው። ሰባት ዓመት እንዲህ በቀላሉ፣ ያለ አንዳች ጭቅጭቅ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያለቀ መሆኑ ገረማት። የምትናደድበት ሰው ብታገኝ እንዴት በተሻላት!

ስትመለስ አባቷ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል። ማቁን ገልጠውታል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ውሃ ውስጥ ነው።

«የታመሙትን ልያቸው ብዬ ነው» አሉ ኮቴዋን ሰምተው። «ጣሳ ውስጥ ናቸው ብለሽ የለ፤ ሳፋ ውስጥ አገኘኋቸው።»

ባለሣሯ ባለችበት ቆመች።

«ክር አላቸው» አሉ። አንዱን እግር አውጥተው ወገቡን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። «ቋጠሮ አለው። ይሄኛውም አለው። ይሄም።» አንድ በአንድ እያነሡ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጧቸው፤ እንደ ጠዋቱ በአንድ መስመር፣ አሁን ግን ሥራቸውን ወደ ታች። ጮክ ብለው አልቆጠሩም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። «አሥራ ሁለት ናቸው» አሉ ሲጨርሱ። «እኔም አሥራ ሁለት ነው የነቀልኩት።»

«አባዬ…»

«ቀለሙ ምንድን ነው?»

«የምኑ?»

«የክሩ ነዋ።»

መዋሸት ትችል ነበር። አረንጓዴ ነው ብትላቸው፣ ከቅጠሉ ጋር ተመሳስሎብህ ነው ብትላቸው ያምኗት ነበር። አፏ ግን እሺ አላላትም።

«ቀይ ነው አባዬ።»

«ቀይ» አሉ። እርጥብ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ አደረቁ፣ እንደገና አደረቁ። «ሌላው ቢቀር ቀይ ይታየኛል እል ነበር። ቀይ መቼም አያመልጠኝም እል ነበር።»

ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች። የሲሚንቶው ሙቀት በቀሚሷ ውስጥ አልፎ ይሰማታል።

«እጄን ወጋኝ» አሉ። «ሙጃ ነው አልኩ። አንዱንም አልተጠራጠርኩም። ለምን አልጮህሽብኝም?»

«ጮኼ ምን ላመጣ?»

«ጥፋተኛ ነህ በይኝ እንጂ።»

«ሣሩን አጽዳልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ? ያኔ ለብቻሽ ሲጠራሽ?»

ባለሣሯ መሬት መሬቱን እያየች ነገረቻቸው። ሐኪሙ በተናገረበት ቃል ሳትጨምርና ሳትቀንስ ነገረቻቸው፤ ማለስለሻ የሚሆን ነገር ብትፈልግ አላገኘችም። አባቷ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ወር ሙሉ ታውቂ ነበር» አሉ።

«ወር ሙሉ።»

«እኔም አውቅ ነበር። ከዚያም በፊት። አንቺ እንዳታውቂ ብዬ ነው ዓይኔ ሲመለስ፣ ዓይኔ ሲመለስ የምለው። ልጄን እንዳላስጨንቅ ብዬ።» በረዥሙ ተነፈሱ። «ሁለታችንም ስንሸዋወድ ከረምን ማለት ነው።»

ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው ወርዳ የበርሜሉ ጥላ ግቢውን አጋምሶት ነበር። ባለሣሯ ፔርሙዙን አስታወሰች። በረዶው ቀልጦ ውሃ ሆኗል፤ ጠብታው ግን አሁንም ቀዝቃዛ ነው። የሚጨመርበት ሰዓት ደርሷል፤ ጠርሙሷን አወጣች።

«የማይመልሰው ከሆነ ለምን ተሰለፍሽ?» አሉ ጠርሙሷን በጣታቸው ነክተው።

«የቀረውን ይይዛል አሉ።»

«ስንት ቀረኝ?»

«አላውቅም አባዬ።»

አባቷ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዓይናቸውን ለሰማዩ ከፈቱ።

«ጨምሪ» አሉ።

የመጀመሪያው ጠብታ ስቶ ጉንጫቸው ላይ ወረደ። የሚባክን አልነበረም። ሌላ ጨመረች።

ከመጨለሙ በፊት ሦስቱን ተከሉ። ጉድጓዱን የቆፈሩት እሳቸው ናቸው፤ እሷ በቃል እየመራቻቸው፣ «ትንሽ ወደ ቀኝ»፣ «በቃ እዚያ ላይ»። ሥሩን ሲያስገቡ ዕንቁላል የያዙ ያህል ነበር ጥንቃቄያቸው። ይያዙ አይያዙ ከሳምንት በፊት አይታወቅም፤ ባለሣሯ ተስፋ አላደረገችም፣ አልቆረጠችምም፣ ደክሟታል። ከዘጠኙ ላይ ቀዩን ክር ፈትታ ኪሷ ከተተችና ሣሩን ወስዳ ማዳበሪያው ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። ባለቦቴው ማታ ሲገባ ጫማውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ጠዋት ባለሣሯ ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። ከግድግዳው ሥር ከተከመረው ድንጋይ ውስጥ ክብ ክቡን፣ ጭብጥ የሚሞላውን ስትመርጥ ቆየችና ከሦስቱ ድንኬዎች ግርጌ አንድ አንድ አኖረች። መሬቱ ውስጥ በደንብ ተጫነቻቸው። ዓይኗን ጨፍና በእጇ ፈለገቻቸው፤ አገኘቻቸው።

ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ በረንዳው ሥር ቆመች። ዛሬ ተራ ሥራ ነው ያላት፤ ማዶ ያለ ሰው ግቢውን ጽጌረዳ እንድትተክልለት ቀጥሯታል፤ ጽጌረዳው ሳምንት እንደማይቆይ ብትነግረውም አልሰማትም።

አባቷ ወጡ። ኮፍያቸውን አላደረጉም። ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ባለሣሯ ጠበቀች። ጥያቄው አልመጣም። እዚህ ቤት ከገቡ ጀምሮ «ዛሬ ምን ልሥራልሽ?» ያላሉበት ጠዋት አልነበረም። ዛሬ ቢያርፍ ይሻለዋል አለች በሐሳቧ። ቢያንስ እስኪይዙ ድረስ። ቢያንስ እኔ አጠገቡ እስክሆን ድረስ።

የእጆቻቸውን ጣቶች አየች። ያለ ሥራ ተጋድመዋል።

«አባዬ» አለች።

«እ።»

«ሣሩን አጽዳልኝ።»

ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። «አትቀልጂብኝ ልጄ።»

«አልቀለድኩም። በግድግዳው በኩል አረም ቀርቶበታል፤ ሙጃ ነው፣ እውነተኛው ሙጃ። ከድንኬዎቹ ግርጌ ድንጋይ አድርጌያለሁ። ድንጋይ ያለበት የእኛ ነው።»

የአባቷ ጣት ጭናቸው ላይ አንዴ ተንቀሳቀሰ።

«ድንጋዩ ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«ሦስት» አሉ። ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ኮፍያቸውን ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ።

ባለሣሯ እስኪወጡ ቆማ አልጠበቀችም። በሩን በቀስታ ሳብ አድርጋ ዘጋችና ሄደች።